የእማዬ ዕቁብ እና ሊኒየር ታይፕ

ዛሬ እሑድ ኮዬ ፈጬ እኛ ቤት ዕቁብ ተጣለ። ዳኛዋ እማዬ ናት። ዕጣ ሲወጣ የደረሰውን ሰው ስም ደብተሯ ላይ ትሰርዛለች። ዛሬ የደረሳት ሁለት ዕጣ የገባች ጎረቤታችን ነበረች። "እትዬ፣ አንዱ ስሜስ አለ?" አለች። እማዬ ደብተሩን አየችና "አንዱ ወጥቷል፤ አንዱ አለሽ" አለቻት። እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ታቅፌ ኢድሪስ 2 የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ነበር። ቀና አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስታገለው የከረምኩት ሊኒየር ታይፕ (ኮድ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ስንት ጊዜ ጥቅም ላይ እንደሚውል የሚወስን የታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት፣ ደንብ) ይኸው ቡና ላይ ቁጭ ብሏል።

መነሻው ፈረንሳዊው ዣን-ኢቭ ዢራር በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሊኒየር ሎጂክ ነው። በተለመደው ሎጂክ አንድን እውነት የፈለግነውን ያህል ብንጠቀምበት አያልቅም። ገንዘብ ግን ያልቃል። ሊኒየር የሆነ ነገር ልክ አንድ ጊዜ ነው ጥቅም ላይ የሚውለው። መድገም የለም፤ ሳይጠቀሙበት መተውም የለም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ራስት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መተውን ይፈቅዳል። ዕቁብ ግን አንድ ሰው ሳይደርሰው አያልቅም።

ግሬድድ ታይፕ ደግሞ ቁጥሩን ራሱን ታይፑ ውስጥ ያስገባዋል። ኢድሪስ 2 ዜሮ፣ አንድ ወይም ያለ ገደብ ይላል። ዜሮው ኮምፓይለሩ (ኮዱን አጣርቶ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ሲያጣራ ብቻ የሚያስፈልግ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የማይኖር ነው። ግራንዩል የሚባለው ቋንቋ "ልክ ሁለት ጊዜ" ማለትንም ይችላል። ጎረቤታችን እንግዲህ እዚህ ጋ ናት።

ነገሩን እንዲህ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አምና በጻፍኩት ኮድ አንድ የክፍያ ፈቃድ ለሁለት ፈንክሽን (ለሁለት የተለያዩ የኮድ ክፍሎች) አቀበልኩ። ብሩ ሁለቴ ወጣ። ቴስቱ አልፎ ነበር፤ ኮዱን ያየ ሰውም አልነቃበትም። ደንበኛው ደውሎ ሲነግረኝ የተሰማኝ እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። እርግጥ ኔትወርክ ተቋርጦ ጥያቄው ዳግም ሲላክ ታይፕ ብቻውን አያድንም። የእኔ ስህተት ግን እዚያው ኮዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነበር።

ማታ ያንኑ ኮድ በኢድሪስ ጻፍኩት። ፈቃዱን ሊኒየር አደረግኩና ስህተቱን ሆን ብዬ ደገምኩት። ኮምፓይለሩ ስሙን ጠርቶ "ሁለት ጊዜ ተጠቅመህበታል" የሚል መልእክት አወጣ፤ አላሳልፍም አለ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ትንሽ አየችው።

"ብሩ ሳይወጣ ነው የሚያውቀው?"

"አዎ እማዬ፣ ሳይወጣ።"