የግራ እጄና የቁልቢው ዣንጥላ

ይህን የምጽፈው ለቁልቢው ቅዱስ ገብርኤል ቃል ስለገባሁ ነው። "ስለቴን ካደረስኩ፣ ያደረግህልኝን እመሰክራለሁ" ብዬው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴ ተነሳ። ከብብቴ ሥር 14 ንፍፊቶች አብረው ወጡ። ከዚያ ኬሞ፣ ከዚያ ጨረር። ሁሉንም በእግዚአብሔር ቸርነት አለፍኩት። ፀጉሬ መልሶ በቀለ። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ እልል ተብሎ፣ "አለቀ" አልን።

በ2015 ፍልሰታ ላይ የጋብቻ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ። በሳሙና ሞከርን፣ በዘይት ሞከርን። በመጨረሻ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄደን በቀጭን መጋዝ ተቆረጠ። ክንዴን በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። የሐበሻ ቀሚሴ እጅጌ አልገባ ብሎኝ ተተረተረ። "ካንሰሩ ተመለሰ" ብዬ ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ እሱ ያውቃል።

ተመረመርኩ። ካንሰር አይደለም ተባልኩ። ንፍፊቶቹ ሲወጡ፣ ጨረሩም ሲጨመርበት፣ ከእጅ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገድ ያጣል፤ እዚያው ይጠራቀማል። ሊምፌዴማ ይሉታል። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ጎረቤቴ "ዋጌምት ታገሚ፣ ውሃው ይወጣልሻል" አለችኝ። ልታገም ተነስቼ ነበር። የከለከሉኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። "ልጄ፣ ጠበሉን ተጠመቂ፤ በምላጭ ግን አትነኪ። ሐኪምም ፈልጊ" አሉኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዚያ እጅ ላይ ትንሽ ቁስል ምን እንደምታደርግ ብዙም ሳይቆይ አየሁት።

2016 መስከረም ላይ እንጀራ ሳወጣ የምጣዱ ጠርዝ ግራ እጄን ነካኝ። ቁስሉ ከጥፍር አይበልጥም። ናቅኩት። የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ጋቢ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ክንዴ ከአንጓው እስከ ትከሻዬ ፍም መሰለ። ከደጅ የደመራው ጭስ ይሸተኛል፣ ልጆች ይዘፍናሉ። እኔ ውስጥ ተኝቼ እነድዳለሁ። ያኔ ነው የተሳልኩት። "ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ፣ እኔንም አውጣኝ። በዚችው እጄ ዣንጥላ ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ።"

በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ተኛሁ። ነርሷ መርፌ ልትሰካልኝ መጥታ ግራ እጄን አየችና ወደ ቀኝ ዞረች። "በዚህኛው መርፌም፣ የደም ግፊት መለኪያም አታስደርጊ" አለችኝ። አምስት ቀን አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተሰጠኝ። ትኩሳቱ ወረደ። ልወጣ ስል አንድ ቁራጭ ወረቀት በእጄ አስያዘችኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስልክ ነበር። አልጠየቅኳትም። የጸሎቴ መልስ ያቺ ወረቀት ናት፤ እንዲህ ነው የማምነው።

ባለሙያዋ መጀመሪያ በሜትር ለካችኝ። ከክርኔ በላይ ቀኙ 29 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 36። ማሸት ሲባል የሚያም መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቆዳዬን ብቻ ቀስ አድርጋ ሳብ፣ ለቀቅ ታደርጋለች። የጀመረችውም ከእጄ አይደለም፤ ከአንገቴና ከቀኝ ብብቴ ነው። "መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበትን እንክፈትለት" አለችኝ። ከዚያ ጥጥ፣ ስፖንጅ፣ በላዩ ፋሻ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠቅልላ ወደ ላይ ወጣች። ከታች ጠበቅ፣ ወደ ብብት ላላ። እንደታሰርኩ ጣቴን እጨብጣለሁ፣ እዘረጋለሁ፤ ክርኔን አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ።

አራት ሳምንት ቀንም ሌሊትም ፋሻ ነበር። ልጄ አስተሳሰሩን ተማረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ታስርልኛለች። እያሰረች አቡነ ዘበሰማያት እንላለን። ጣቶቼ ላይ ጀምረን ክርኔ ጋ ስንደርስ ስንት ጊዜ እንደደገምነው አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ተለካሁ። 31።

እህቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም ጠዋት ስነሳ እብጠቱን የሚጫነውን ጠባብ የእጅ ሹራብ አጠልቃለሁ፣ ማታ አወልቃለሁ። ቆዳዬ እንዳይሰነጠቅ ቅባት አይለየኝም። ምጣድ ጋ ስቀርብ ወፍራም ጓንት አለኝ። ቅላትና ትኩሳት ካየሁ አላድርም፣ በዕለቱ ሐኪም ቤት ነኝ። እናንተም እጃችሁ ከበደኝ ስትሉ፣ ቀለበት ሲጠብቃችሁ፣ እንደኔ እያለቀሳችሁ አትክረሙ። በጊዜ ሲያዝ ይቀላል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ነበርን። ዳገቱን ከሕዝቡ ጋር በእግር ወጣነው። ባለ ወርቃማ ዘርፍ ዣንጥላ ገዝቼ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ባለቤቴ "አምጪ፣ ልያዝልሽ" አለኝ። አልሰጠሁትም። በግራ እጄ ከፍ አድርጌ ይዤው ገባሁ። ዲያቆኑ ከእጄ እስኪቀበለኝ ድረስ አላወረድኩትም።