ሸራውን የገለጥሁበት ቀን

የበረዶው ወራት አልፎ ሰዉ ጀልባውን ከማቆያ የሚያወጣበት ወቅት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሐይቅ ዳር በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ የደንብ ማስከበር ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኜ ከተቀጠርሁ ገና ሦስተኛ ወር መያዜ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጎረቤት በስልክ ያስመዘገበው ቅሬታ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በአንድ ቤት የመኪና መግቢያ ላይ፣ እዚህ የምንኖር አበሾች ሳንተረጉም ድራይቭዌይ በምንለው ቦታ፣ ትልቅ ጀልባ በተጎታች ላይ እንዳለ ሳምንት ሙሉ መቆሙን፣ የሰፈሩን መልክ ማበላሸቱንና የቤት ባለቤቶች ማኅበሩም ይህን እንደሚከለክል ይገልጻል።

የመጨረሻውን ነጥብ ወዲያውኑ መለየት ነበረብኝ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክልከላ ገዢው ቤቱን ሲገዛ የተቀበለው የግል ውል ነው፤ የሚያስፈጽመውም ማኅበሩ ራሱ ነው። ከተማው የሚያስፈጽመው ምክር ቤቱ ያወጣውን ደንብ ብቻ ነው። ስልክ ከሚደውሉልን ሰዎች ብዙዎቹ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል፤ ያን ዕለት እኔም አብሬ አደባልቄያቸው ነበር።

የከተማችን ደንብ በመጀመሪያ ንባብ ግልጽ ይመስላል። ጀልባ ከነተጎታቹ በቤቱ ፊት ለፊት ባለው መግቢያ ላይ ለመጫን፣ ለማራገፍና ለማጠብ እስከ 48 ሰዓት ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ከቤቱ የፊት ግድግዳ ወደ ኋላ ተወስዶ 6 ጫማ ቁመት ባለውና ውስጡን በማያሳይ አጥር መከለል አለበት። ምዝገባው የታደሰ መሆን ይኖርበታል፤ የትኛውም አካሉ ወደ እግረኛ መንገድ መውጣት አይችልም። ሌሎች ከተሞች ሰዓቱን ወደ 24 ያሳጥሩታል ወይም ወደ 72 ያስረዝሙታል፣ አንዳንዶቹ የጀልባውን ርዝመት ይገድባሉ፣ አንዳንዶቹም ጉዳዩን ጭራሽ አይነኩትም። ይህ ልዩነት የመጣው የመሬት አጠቃቀም ደንብ የማውጣትን ሥልጣን ግዛቶቹ ለከተሞችና ለካውንቲዎች ስለሰጡ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1926 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ የዩክሊድ ከተማ ጉዳይ ላይ ከተሞች መሬትን በአገልግሎት ከፋፍለው መደንገግ እንደሚችሉ አጽንቷል።

እኔ ግን ያን ዕለት ስለ ደንቡ አመጣጥ አላሰብሁም። መኪናዬን ከመንገዱ ማዶ አቁሜ፣ ካሜራና ሜትሮ ይዤ በቀጥታ ወደ ጀልባው አመራሁ። ጀልባው ወደ ጋራዡ በኋላ ማርሽ ስለገባ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሯል፤ ከአፍንጫው ሥር የተጎታቹ ጋንቾ፣ ማለትም ከሚጎትተው መኪና ጋር የሚያያዝበት ረጅም ብረት፣ ወደ ፊት ወጥቷል። እግሬን አንሥቼ ጋንቾውን ተሻገርሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ጀልባው በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ሸራው በገመድ ተወጥሯል። ምዝገባው መታደሱን ማረጋገጥ ስለፈለግሁ ከፊት በኩል ያለውን ገመድ ፈታሁና የሸራውን ጫፍ ገለጥሁ። የጀልባ መለያ ቁጥር በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ከ3 ኢንች ባላነሰ ቁመት፣ በጉልህ ፊደል መጻፍ እንዳለበት በሥልጠና ተምሬያለሁ። ቁጥሩን ፎቶ አነሣሁ። በዚህም አልበቃኝም፤ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ዘልቄ ከኋላ ያለውን ሸራ ገለጥሁና በቀኝ በኩል የተቀረጸውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የፋብሪካ መለያ መዘገብሁ። ስወጣ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ጋንቾው ጫፍ ለካሁ፤ 6 ጫማ ሆነ። ቅጹ ላይም «ከመንገድ በቂ ርቀት አለው» ብዬ ጻፍሁ።

ገመዱን መልሼ ስቋጥር የቤቱ በር ተከፈተና ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሰው ወጡ። አልጮኹም። በረንዳቸው ላይ ቆመው «ምን ፈልገው ነው?» አሉኝ። መታወቂያዬን አሳይቼ ከከተማው ደንብ ማስከበር መምጣቴን ነገርኋቸው። «ከከተማው ከመጡ በሩን አንኳኩተው ቢጠይቁኝ እኔ ራሴ እገልጥልዎት ነበር» አሉና ተመልሰው ገቡ። ይህ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ሰዓት ግን ሥራዬን እንደሠራሁ ቆጥሬ ከ48 ሰዓት በላይ አቁመዋል የሚል የጥሰት ማስታወቂያ በፖስታ ላክሁላቸው።

ሰውየው ይግባኝ ጠየቁ። ጉዳዩ ከአምስት ሳምንት በኋላ በአስተዳደር ችሎት ታየ። ችሎቱን የመሩት ሴት ጠበቃ ስለ ጀልባው አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ተመለከቱ። ከዚያ ይህን ፎቶ ሳነሣ የት ቆሜ እንደነበር፣ ሸራውን ለመግለጥ ማን እንደፈቀደልኝና ጀልባው 48 ሰዓት መቆሙን በምን እንዳረጋገጥሁ ጠየቁኝ። ለመጀመሪያው እውነቱን ተናገርሁ። ለሁለተኛው ማንም አልፈቀደልኝም አልሁ። ለሦስተኛው ግን መልስ አልነበረኝም፤ ቦታው ላይ የተገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ «ሳምንት» የሚለውም የደዋዩ ቃል ነው። ክሱ በዚያው ተሰረዘ።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ በሩን ዘጋና ሁለት የፍርድ ሐተታዎች አስነበበኝ። የመጀመሪያው የ1967 ነው። አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ተከራይ የቤት ተቆጣጣሪዎች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ቤቱን እንዳይፈትሹ ከለከለ፤ በዚህም ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባለቤቱ ወይም ነዋሪው እሺ ካላለ የከተማ ተቆጣጣሪም እንደ ፖሊስ ሁሉ የፍተሻ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወሰነ። ሁለተኛው የ2018 ሲሆን ከእኔው ታሪክ ጋር መመሳሰሉ አስደንግጦኛል። በቨርጂኒያ አንድ ፖሊስ ከቤት ጎን ባለ የመኪና መግቢያ ላይ ገብቶ በሸራ የተሸፈነ ሞተር ብስክሌት ገልጦ ታርጋውንና መለያ ቁጥሩን አነበበ። ሞተሩ የተሰረቀ ነበር። ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ያ ቦታ የቤቱ አካል ተደርጎ እንደሚቆጠርና ተሽከርካሪን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ለመፈተሽ የሚፈቅደው ልዩ የሕግ ድንጋጌ እስከዚያ ድረስ እንደማይዘልቅ ወሰነ። እኔ የተሰረቀ ነገር የጠረጠርሁ ፖሊስ እንኳ አልነበርሁም፤ የምዝገባ ተለጣፊ ፈልጌ ነው የሰው ግቢ የገባሁት።

ስለ ሰዓቱም ሌላ ነገር አስተማረኝ። በብዙ ቦታ ተሽከርካሪ ለስንት ሰዓት እንደቆመ ለማወቅ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ የቆየ ዘዴ ነበር፤ ሆኖም በ2019 የስድስተኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሚሺጋኗ የሳጊናው ከተማ ጉዳይ፣ መንገድ ላይ በቆመ መኪና እንኳ ቢሆን ጠመኔ ማስመር ፍተሻ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ እኛ የምናደርገው ከእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ የጎማውን ቫልቮላ፣ ማለትም አየር የሚሞላበትን ጫፍ፣ አቅጣጫ መመዝገብ ነው። ቫልቮላው ሰኞ በሰዓት መልክ 4 ቁጥር ላይ ከነበረና ረቡዕ ሲታይም 4 ላይ ከሆነ፣ በሁለቱ ጊዜያትም ሰዓትና ቀን ያለው ፎቶ ካለ፣ ማንንም ሳይነኩ ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ከሳምንት በኋላ ያው ጎረቤት በድጋሚ ደወለና ወደዚያው ቤት ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ ከመሄዴ በፊት የመሬቱን ካርታ ከመዝገብ ቤት አውጥቼ አየሁ። ያኔ ነው የልኬቴን ስሕተት ያስተዋልሁት። በመኪና መግቢያ ላይ የእግረኛ መንገዱ አይቋረጥም፤ ያው ሲሚንቶ ሆኖ ስለሚቀጥል ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለዓይን አይለይም። በካርታው መሠረት ከመንገዱ ጠርዝ 4 ጫማ የሣር መደብ ነው፣ ከዚያ 5 ጫማ የእግረኛ መንገድ ነው፤ የሰውየው ይዞታ የሚጀምረው ከመንገዱ ጠርዝ 9 ጫማ ላይ ነው። ጋንቾው 6 ጫማ ላይ ነበር። በሌላ አነጋገር 3 ጫማው የእግረኛ መንገዱ ውስጥ ነው፤ ለመተላለፊያ የቀረው 2 ጫማ፣ ማለትም 24 ኢንች ብቻ ነው። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ መለኪያ ለተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያ ቢያንስ 36 ኢንች ይጠይቃል። እግሬን አንሥቼ የተሻገርሁትን ብረት «በቂ ርቀት አለው» ብዬ ጽፌለት ነበር!

መንገዱ ላይ ቆሜ ፎቶ ሳነሣ የመንታ ልጆች ጋሪ የምትገፋ ሴት መጣች። ጋንቾው ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ግራ ቀኙን አየችና ጋሪውን ወደ መኪናው መንገድ አውርዳ በጀልባው ዙሪያ አልፋ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የመገረም ምልክት አላየሁም፤ እንደ ልማድ አድርጋዋለች። ቅሬታ ያቀረበው ጎረቤት የሰፈሩ መልክ ተበላሸ እንጂ ይህች ሴት መተላለፊያ አጣች አላለም። ደንቡን ከእነ ሙሉ አንቀጾቹ ሳስበው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ክፍል ነው፤ ከመግቢያው የሚወጣ ሾፌር ሕፃን የሚያይበት ክፍተት፣ እግረኛ ከአስፋልት የማይወርድበት ስፋት፣ ከሸራ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ትንኝ የማይፈለፍልበት ጥንቃቄ።

የአጥሩ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። በካሊፎርኒያዋ የሲሳይድ ከተማ አንድ ነዋሪ ጀልባውን በ6 ጫማ አጥር እንዲከልል ታዝዞ አጥሩን ሠራ፤ በ2024 ደግሞ የጀልባውን ሥዕል አጥሩ ላይ አሣለበት፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። ያ ሰው በማንም መንገድ ላይ አልቆመም፤ ደንቡን በፊደሉ ፈጽሟል። ጀልባውን ማየት ምን እንደሚጎዳ ግን ደንቡ አይነግረንም፤ እኔም በሥራዬ ያልተመለሰልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ አንቀጹ ሌላ ችግር አለበት። በመኪና ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጎተት ጀልባ እስከ 8 ጫማ ተኩል ሊሰፋ ይችላል፤ በዚህ ሰፈር በቤትና በአጥር መካከል ያለው ክፍተት ግን 5 ወይም 6 ጫማ ነው። ወደ ኋላ ውሰዱት የምንላቸው ሰዎች የሚወስዱበት በር የላቸውም። ይህን በጽሑፍ ለምክር ቤቱ አቅርቤያለሁ።

ሰውየው በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ወጡ። እኔ ከእግረኛ መንገዱ አልተንቀሳቀስሁም። ባለፈው ሳልጠይቅዎት ገብቼ ንብረትዎን መንካቴ ጥፋት ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኋቸው። ቀጥሎ ካርታውን ዘርግቼ ወሰኑን አሳየኋቸውና የሜትሮውን ጫፍ እንዲይዙልኝ ጠየቅሁ። እሳቸው ጋንቾው ጋ፣ እኔ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሆነን ለካን። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እስከ አስፋልቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ጋሪ ስለምትገፋው ሴት ስነግራቸው ማን እንደሆነች ወዲያው አወቁ፤ የማዶ ጎረቤታቸው ልጅ ናት።

ጋንቾውን በማጠፊያ ሊያሠሩት ወሰኑ፤ ሲታጠፍ 2 ጫማ ተኩል ይቀንሳል፣ የቀረውን ግማሽ ጫማ ጀልባውን ወደ ጋራዡ በማስጠጋት ያገኙታል። እስከዚያ ድረስ በኪራይ ማቆያ ሊያስቀምጡት፣ ዓርብ ማታ አምጥተው እሑድ ማታ ሊመልሱት ተስማማን። ልሄድ ስል «የምዝገባውን ነገርስ አያዩትም?» አሉኝ። ካልፈቀዱልኝ አላይም አልኋቸው። ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄደው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱና ሸራውን ወደ ኋላ ጠቀለሉት። ከቆምሁበት የእግረኛ መንገድ ላይ ሆኜ ቁጥሩን አነበብሁት፤ ተለጣፊው የዘመኑ ነበር።