ጥር 13

የአክስቴ ልጅ ሙት ዓመት ጥር 13 ነው። የሞተበት ቀን ግን አይደለም፣ መርዶው የመጣበት ነው። መቼ እንደሞተ የነገረን ሰው የለም፣ የት እንደተቀበረም እንደዚሁ። ስለዚህ አክስቴ ቀኑን ራሷ ቆረጠች፣ ቀሳውስቱም ተቀበሏት፣ እኛም ይኸው በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ መንዝ እንወጣለን።

ስሙን አልጽፍም። እናቱ «ስሙንም ፎቶውንም ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪብኝ» ብላኛለች፣ ልክ ናት። የወጣት ወታደር ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ግማሹ ይፎክራል፣ ግማሹ ይሳደባል፣ ልጁ ምን ዓይነት ልጅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንዲህ ነበር። ሥራ አይወድም። በግ ጠብቅ ሲባል በጎቹን ለታናሽ እህቱ ጥሎ ይጠፋል። ገና ጨዋታ ላይ ግን የሚስተካከለው አልነበረም፣ ሩሯን አንዴ ከመታት የሚያቆማት የለም፤ አንድ ጊዜ የመሪጌታውን ቅልጥም መትቶ ሳምንት ሙሉ አስነክሷቸዋል። ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል። እኔን «አንቺ ከተሜ» ነበር የሚለኝ፣ ያው ደብረ ብርሃን ስላደግኩ።

ሚያዝያ 1990 መጨረሻ ላይ ባድመ ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ተቀምጦ ነበር። ምዝገባው ሲመጣ «መሐል ሜዳ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ፣ ባናውን፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አክስቴ መዝመቱን የሰማችው አብሮት ሊመዘገብ ሄዶ በቁመቱ ማነስ ከተመለሰ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ከብር ሸለቆ፣ ከማሠልጠኛው ነው። ያኔ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፣ ሰላምታው ብቻ ገጹን ይጨርሰዋል። ከሰላምታው በታች የተረፈችው ወሬ ስለ ባናው ነበረች። አንድ ጓደኛው ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ አላስችል ብሎት አለበሰው፣ ልጁ ደግሞ ሳይመልስለት ሌላ ክፍል ተመደበ። አክስቴ ተናደደች። የበጉን ጠጉር ራሷ ናት የፈተለችው፣ ስንት ሌሊት ኩራዝ ለኩሳ። አሁንም ወሬው ሲነሳ ትናደዳለች፣ «የገዛ ባናውን!» ትላለች።

ሁለተኛው ከግንባር ነው፣ ቦታው አልተጻፈበትም። ቦቃዋ በግ ወለደች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወንድ ከወለደች እንዳትሸጡብኝ፣ ስመጣ እንበላዋለን ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የካቲት 1991 በዘመቻ ፀሐይ ግባት ባድመ ስትያዝ አገሩ ሁሉ ጨፈረ፣ አክስቴም ድፎ ደፍታ ጠበቀችው። ቀጥሎ ፆረና መጣ። ቀጥሎ የግንቦት 1992 ማጥቃት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ፣ የጎረቤት ልጆች አንድ ሁለት እያሉ መመለስ ጀመሩ፣ እሱ የለም። ከነዚህ ውጊያዎች በየትኛው እንደወደቀ እስከዛሬ አናውቅም።

መርዶው ጥር 1994 ላይ መጣ። ወረቀቱ ቀበሌ የደረሰው ከጥምቀት በፊት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ግን በዓሉ ይለፍላት ብለው ያዙት። ደግነት ነው፣ ወጉም ይኸው ነው። እሷ ግን ታቦት ስታጅብ፣ ስታጨበጭብ፣ እስክስታ ስትወርድ ነበር የዋለችው። «ሰው ሁሉ እያወቀ ስጨፍር አየኝ» ትላለች፣ ይቅር ያለቻቸው አይመስለኝም። ጥር 13 ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ መንዝ ውስጥ ማንም አይጠፋውም።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው። ልብሱን፣ ፎቶውንና የገና ዱላውን መሐል አስቀመጡት። ወንዶቹ ፎከሩ፣ አንድ ሽማግሌ ጥይት ተኮሱ። አክስቴ ፉከራውን አልሰማችውም መሰለኝ፣ የራሷን ነበር የምታወርደው፦

ገበያ ነው ያልከኝ ምነው ቆየህሳ፣
ገበያው ተፈታ ሰው ሁሉ ሲነሳ።

ለፍትሐቱ ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የዓለም ስሙ ነው፣ እሷ ደግሞ በድንጋጤ ጠፋባት። የክርስትና አባቱ ከወንዝ ማዶ እስኪመጡ ተጠበቀ።

ሰማንያው የወጣው በዐቢይ ፆም ነው፣ በሽሮና በምስር። በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ 5፣ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ወጣ። መንግሥት መጀመሪያ ባድመ ለኛ ተፈረደች አለ፣ ሕዝቡም ደስ አለው። ኋላ ለካ ለኤርትራ ነው የተፈረደችው። አክስቴ ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። «እና መቃብሩ ከማን ወገን ሆነ?» ብቻ አለች። የሚመልስላት አልነበረም። ከሁለቱም ወገን ያለቀውን ከ70 ሺህ በላይ የሚያደርሱት አሉ፣ ለያንዳንዱ እንዲህ የምትጠይቅ እናት አለችው ማለት ነው።

በ2010 እርቁ ሲመጣ «ባድመ በመኪና ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላ ደወለችልኝ። መንገዱን ጠይቄ ነገርኳት፣ በመቀሌ፣ በሽሬ፣ በሸራሮ። ገብሱ ይሰብሰብ ተባለ፣ ከዚያ ለከርሞ ተባለ፣ ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሆነና መንገዱ ሁሉ ጦርነት ሆነ። በዓመቱ ደግሞ ጦርነቱ እኛው ደጅ መጣ። ኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲያዙ አክስቴ ሸሽታ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ገባች። ፎቶውን ግን ግድግዳው ላይ ትታው ነው የመጣችው። ለምን ስንላት «ወታደር አይደል? ቤቱን ይጠብቅ» አለች። ስትመለስ ጀሪካኑም ብርድ ልብሱም የለም፣ ፎቶው አለ።

ዘንድሮ እህቱ፣ አዲስ አበባ ያለችው፣ ሙት ዓመቱን ለሠራተኛ እንዲመች ወደ ቅዳሜ እናዙረው ብላ ነበር። ቀኑ እንደሁ የሞተበት አይደለም ብላ ተከራከረች። አክስቴ አልሰማም አለች። ሌላ ቀን የለኝም አለች።

አሁን ይህን የምጽፈው ለአንድ ሰው ነው። በ1990 ወይ በ1991 ብር ሸለቆ ሠልጥነህ፣ ወባ ይዞህ አንድ ሳቂታ የመንዝ ልጅ ባና አልብሶህ ከነበረ፣ ባናው ያንተ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም። እሱ የትኛው ክፍለ ጦር እንደተመደበ ታውቅ እንደሆነ ግን ጻፍልኝ። እናቱ በሕይወት አለች።