ሻይ እንደሚያቃጥል

ሐምሌ 19፣ ባሕር ዳር

ዛሬ የሐምሌ ገብርኤል ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራ አለ፤ ሆኖም ቅጥሩ በጃንጥላና በነጠላ ተሞልቶ ነበር። ስብከቱ ያው በየዓመቱ የምንሰማው የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ታሪክ ነው። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን መኰንኑ ለጣዖት ስገዱ ቢላቸው እምቢ አሉ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ሊጥላቸው እሳት አስነደደ። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። የውሃው ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሲያጓራ የራደችው እናትየው ናት፤ ያጽናናት ደግሞ ልጁ። ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ ውሃውን አበረደላቸው።

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። የነጠላዬን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች ስትሰማ ቆየችና፣

«አክስቴ፣ እናትየው ትልቅ ሆና ለምን ፈራች?» አለችኝ።

«ትልቅ ስለሆነች ነዋ። የፈላ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።»

«ቂርቆስም ያውቃል። እኔ ሦስት ዓመቴ እያለ ሻይ እንደሚያቃጥል አውቅ ነበር።»

ከፊታችን የቆሙት እናት ዞር ብለው ገላመጡን፤ ዝም አልን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስብከቱን አልሰማሁም ብል ይሻላል።

እውነቷን ነው። የሕፃን እምነት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን አለማወቅ ነው፤ ምንም ያልገባው፣ የነገሩትን ሁሉ የሚቀበል። ቂርቆስ ግን ውሃው እንደሚያቃጥል ያውቃል። እናቱ የምታየውን ሁሉ እያየ ነው ያልፈራው።

ቤት ገብቼ ማቴዎስ 18ን ገለጥሁ። «ካልተመለሳችሁ እንደ ሕፃናትም ካልሆናችሁ» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን፤ ጥያቄው ምን እንደነበር ግን እንዘነጋዋለን። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል ብለው ነው። ስለ ወንበር ነው ጉዳዩ። ጌታም አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ። ሕፃን ንጹሕ ነው፣ የዋህ ነው የሚለውን ስብከት ልጅ ያሳደገ ሰው ሰምቶ ይስቃል። ሕፃን የሌለው ነገር ማዕረግ ነው። እኛ ዘንድ በድግስ ቀን ልጅ የሚታወሰው እጅ ለማስታጠብ ሲፈለግ ነው፤ ማስታጠቢያውን ይዞ ይዞራል፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ እሱ ከእናቱ ጉርሻ ይቀበላል፣ ቅርም አይለውም።

የእኛ ትሕትና ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጸበል ጸዲቅ ላይ ታዝቤአለሁ፤ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «ኧረ በገብርኤል እርስዎ!» እየተባባሉ ሁለት አባቶች እንጀራው እስኪደርቅ ቆሙ። ከፍ በሉ ሳይባሉ የቀሩት አንድ ሌላ አባት ደግሞ ፊታቸው ጠቁሮ ዋለ። (እኔም ሴቶቹ ጋ ሆኜ ማን ቀድሞ እንደተነሣልኝ ማየቴ አልቀረም።)

መታዘዝ ላይ ስመጣ ነገሩ ይከብደኛል። የገብርኤል በዓል በመጣ ቁጥር የማስበው ክብራንን ነው። ክብራን ገብርኤል ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ናት፤ በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ዘዮሐንስ የመሠረቷት፣ ሴት የማይገባባት ደሴት። ጎረቤቷ እንጦስ ኢየሱስ ለሴትም ክፍት ናት። አንድ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ሄደን ወንዶቹ ሲወጡ እኛ ጀልባው ላይ ቀረን። ሕፃኗ «ለምን?» አለች፤ የመነኮሳት ሥርዓት ነው አልኳት። «ለምን?» አለች ደግማ። መልሴ አላረካትም፤ ግን ከጀልባው ጫፍ ሆና ወደ ደሴቷ ተሳለመችና ዳቦዋን መብላት ጀመረች። እኔ ግን መጠየቅ ስጀምር እግረ መንገዴን መውጫ በር እፈልጋለሁ። እሷ ስትጠይቅ ቤቷ ውስጥ ሆና ነው።

በጣና ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬትም እንዲሁ ነው። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ተብሎ እዚያ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ሰዉ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ይኖራል። እዚያ ካለው ገዳም፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት መልስ በዚያ ጫካ ጥላ ሥር ስትሄድ፣ በዙሪያው ያለው አገር ለእርሻ ሲመነጠር ይህ ለምን ቀረ ብለህ ብትጠይቅ፣ ማንም ስለ አፈር መከላት አይነግርህም፤ አባቶች አታርሱ ስላሉ ነው ይሉሃል። እንዲህ ያለውን መታዘዝ ሳየው ይገርመኛል፣ ትንሽም ያስቀናኛል።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። «እንደ ሕፃን ሁኑ» የሚለውን ቃል ሰው ዝም ለማሰኘት የሚጠቀሙበት አሉ። ስለ ገንዘቡ አትጠይቅ፣ ስለ ሕልሜ አትጠይቅ፣ እመን ብቻ ይላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለክፋት ነገር ሕፃናት ሁኑ እንጂ በአእምሮ የበሰሉ ሁኑ ብሏል። ደግሞስ ቂርቆስ ለመኰንኑ ታዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያነሣው ነበር? በጣና ላይ በስሙ የምትጠራ ደሴት ያለችው ሕፃን፣ አገር ገዥ ሲያዘው እምቢ ያለ ልጅ ነው። የሚታዘዘውን ስላወቀ የማይታዘዘውንም አወቀ።

ማታ ቡና ላይ ይህንኑ ለእህቴ አወራኋት። ልጅቱ በመስከረም የኔታ ዘንድ ፊደል ልትጀምር ነው፤ እናቷን የጨነቃት ጥያቄዋ ነው። «የኔታ ይቆጧታል፤ ከአሁኑ ዝም ማለት ትልመድ» አለች።

«ተያት ትጠይቅ» አልኳት።

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ስትገረፍ የምታለቅሰው እኔ ላይ ነው።»

ሁለተኛው ሳይወርድ ተኳረፍን። የኔታን ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ ብያለሁ፤ እህቴ አላመነችኝም።