ለጉሬዛና ለጉማሬ የትኛው ሌንስ?

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ለእንስሳት ፎቶ የሚሆን የካሜራ ሌንስ አልኳት። የትኛውን እንደሆነ ለመወሰን ግን ትንሽ ቀን ጠየቅኳት።

የምኖረው ጅማ ነው። መኪና የለኝም። ቦዬ ረግረግ የምሄደው በባጃጅ ነው። በለጠ ጫካ ደግሞ በቦንጋ መንገድ በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግሬ። ስለዚህ ከምንም በፊት ያየሁት ኪሎውን ነው። ሲግማ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው 150-600 ቀለል ያለው ሞዴል እንኳ 1.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል (ቁጥሮቹ የዙሙ መጠን በሚሊሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)። ስፖርት የሚባለው ወንድሙ ወደ 2.9 ይጠጋል፤ እሱን ተዉት። የዚያው የሲግማ 100-400 1.16 ኪሎ ነው። እጄ ላይ ያለው የካኖን 70-300 ደግሞ 710 ግራም።

ቀጥሎ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሥራ ሠራሁ። የድሮ ፎቶዎቼን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ እያንዳንዱ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ አየሁ። የፋይሉ መረጃ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወፎቹ ሁሉ 300 ላይ ናቸው፤ ዙሙ አልቆብኛል ማለት ነው። የጉሬዛዎቹ ግን አብዛኞቹ ከ200 በታች ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ከአንድ ወዳጄ 150-600ውን ተዋስኩና ሁለቱም ቦታ ይዤው ሄድኩ። በለጠ ውስጥ የሚያስቸግረው ጨለማው ነው። ረፋድ ላይ እንኳ ብርሃኑ በወንፊት የተነፋ ያህል ነው የሚወርደው። ይህ ሌንስ ደግሞ የዙሙ ጫፍ ላይ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳውን ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፍትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ብዙ ብርሃን የሚገባው)። የሚዘል ጉሬዛ እንዳይደበዝዝብኝ ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ ሳደርገው አይኤስኦው፣ ሲበዛ ፎቶውን የሚያሻክረው የካሜራው የብርሃን ስሜት፣ 6400 ገባ። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጄን መንቀጥቀጥ ያስታግሳል እንጂ ጉሬዛውን ቁም አይልልኝም። በዚያ ላይ አንዱ እፊቴ ያለ ግንድ ላይ ወረደና የሌንሱ ትንሹ ቁጥር 150 እንኳ ጠበበኝ። ጭራው ተቆረጠ። ያ ነጭ ጭራ ከሌለ ጉሬዛ ምኑን ጉሬዛ ሆነ?

ቦዬ ሌላ ነው። ጉማሬዎቹ መሃል ውሃ ላይ አፍንጫና ጆሮ ብቻ ናቸው፤ ጠጋ ልበል የሚባልበት እንስሳም አይደለም። ጠዋት ላይ 600ው እውነትም አንጀቴን አራሰው። የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ቀትር ሲሆን ግን ሙቀቱ አየሩን ማርገብገብ ጀመረ፤ ፎቶዎቹ ሁሉ የቀለጡ መስለው ወጡ። ያን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም።

100-400ው ይሁን አልኳት። ካሜራዬ ሴንሰሩ አነስ ያለ ካኖን ስለሆነ በ1.6 ሲባዛ 400ው እንደ 640 ያሳየኛል። አንድ ቀን ዝሆንና ጎሽ ለማየት ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ብሄድም ይበቃኛል። ለትንንሽ ወፎች ግን አልዋሽም፣ 600ው አሁንም ያምረኛል።

ያገለገለ በርካሽ አገኘሁ ስትለኝ አንድ ነገር አደራ አልኳት። የስልክሽን መብራት ከአንዱ ጫፍ አብሪና ከሌላው ጫፍ ወደ ውስጥ እዪ። ቀጫጭን ክር የሚመስል ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ተይው። የጅማ ክረምት ረዥም ነው፤ እርጥበቱ ንጹሑን ሌንስ እንኳ ያሻግታል። እኔ ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው የማስቀምጠው፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር። ጫማ ቤት ያለ ጎረቤቴ እነሱን ሳይጥል ያጠራቅምልኛል።