ኮንትራ በራሱ ፍጥነት፦ ከክላርክስተን እስከ አቴንስ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከክላርክስተን ስንነሳ ታላቅ ወንድሜ ስንቁን ቋጥሮ ጨርሶ ነበር። ምስርና ጎመን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ በፎይል ሸፍኖ፣ በፌስታል አስሮ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «ዓርብ ነው፤ እዚያ የጾም ነገር እናገኛለን ብለህ እንዳትታለል» አለኝና ሞተሩን አስነሳ። ሃይዌይ 78ን ይዘን ወደ ምሥራቅ አቀናን። አቴንስ፣ የጆርጂያዋ አቴንስ፣ ከእኛ 60 ማይል ገደማ ናት።

የምንሄደው ቢት ብሪጌድ የሚባለውን ባንድ ለማየት ነው። የዚያችው ከተማ ልጆች ናቸው። አራቱ ሙዚቀኞች ናቸው፤ አምስተኛው ጌም ተጫዋች ነው። ተጫዋቹ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ የድሮ የኔንቲዶ ጌም ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳያርፍ ይጨርሳል፤ ባንዱ ደግሞ በዚያው ቅጽበት የጌሙን ሙዚቃ በሮክ ይጫወታል። የዚያ ምሽት ጌሞች ሜጋ ማን 2 እና ኮንትራ ነበሩ። ኮንትራ ባይኖር ኖሮ ወንድሜን አላስቸግረውም ነበር። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ከርሞ ዓርብ ማታ የሚፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው። ስልክ ደውዬ «ኮንትራን በባንድ ሊጫወቱት ነው» ስለው ግን ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና «የቀበናውን ኮንትራ?» አለኝ።

አዎ፣ የቀበናውን። ከቤታችን ሦስት በር አልፎ አንድ ጎረቤት ሳሎኑን የጌም ቤት አድርጎት ነበር። ባለ እንጨት ሳጥን ቴሌቪዥን፣ ከመርካቶ የተገዛ የቻይና ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና ላዩ ላይ የማይታመን የጌም ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ካሴት ነበረው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን እንቀመጣለን። ወንድሜ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሱሪ የለበሰውን ይይዛል፤ ቀዩ የእኔ ነው። ጫካውን አብረን እናልፋለን፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ፏፏቴው ይመጣል። ፏፏቴው ላይ ምስሉ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ ከዘለለ ታች የቀረው ከስክሪኑ ወጥቶ ይሞታል። የሚሞተው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር እዚያው ይቀራል። ሙዚቃው ከመሃል ይቆረጥና ሳሎኑ ሙሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «ኡኡ!» ይላል። ያ የተቆረጠ ዜማ መብራቱ እስኪመጣ ጭንቅላታችን ውስጥ ይቀጥላል።

ስቶን ማውንቴን በስተቀኝ ታየን፤ እንደተደፋ ምጣድ ያለ አንድ ወጥ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። አልቆምንም።

መንገድ ላይ አልበሞቼን አሰማሁት። አሥር ዓመት ሙሉ የሰበሰብኳቸው ናቸው፤ እንደ እሱ ጆሮ ያለው ሰው እንዲሰማቸው ስመኝ ኖሬያለሁ። የጀመርኩት በሚኒቦሰስ ነው። በአሪዞና ፊኒክስ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኔንቲዶ ዜማዎችን በጊታር፣ በቤዝና በድራም ሲጫወቱ ቆይተዋል፤ ለዚህ ሙዚቃ በር ከከፈቱት ዋነኞቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ ከካሊፎርኒያዋ ኔቫዳ ሲቲ የመጡት አድቫንቴጅ፣ የ2004ቱ አልበማቸው። እነሱን የምወድበት ምክንያት ምንም አለመጨመራቸው ነው። አንድ ኖታ ሳይዘሉ፣ ያለማስጌጥ፣ ጌሙ እንደጻፈው ይጫወቱታል። የሰው እጅ ያንን ሲያደርግ ላብ አለው፤ ላቡ ይሰማል።

ከዚያ ብላክ ሜጅስ። ይሄኛው ለየት ይላል፤ ምክንያቱም ባንዱን ያቋቋመው ራሱ የዜማው ባለቤት ኖቡዎ ኡኤማትሱ ነው። የፋይናል ፋንታሲን ሙዚቃ የጻፈው ጃፓናዊ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጌሞቹን የውጊያ ዜማዎች በ2003 በሮክ አልበም አወጣቸው። ኦርጋኑ በዝቶብኛል፤ ግን ሰውየው ከመጀመሪያውም እንደዚህ ነበር የሚሰማው ብዬ ሳስብ ኦርጋኑን እቀበለዋለሁ። የማሪዮን ዜማ የጻፈው ኮጂ ኮንዶም ወጣት ሳለ የዲፕ ፐርፕልን ሙዚቃ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይመታ ነበር። ስለዚህ ሮክ ወደ ጌሙ ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ ነበር። ጊታር መግዛት ያልቻለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወጣውን ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ፕሮቶመን ላይ ስንደርስ ወንድሜ ድምፁን ከፍ አደረገው። ናሽቪል፣ ቴነሲ። እነሱ የጌሙን ዜማ ትተው ታሪኩን ነው የወሰዱት። ሜጋ ማን ውስጥ ዶክተር ላይት የሚባል ጥሩ ሳይንቲስትና ዶክተር ዋይሊ የሚባል ክፉ አለ፤ ጌሙ ከዚያ በላይ ብዙ አይነግርህም። ፕሮቶመን ከዚያች ጭብጥ በ2005 እና በ2009 ሁለት አልበም አውጥተው፣ በማሽን የምትገዛ ከተማ፣ የፈራ ሕዝብና ልጁን ወደ ሞት የላከ አባት ሠሩበት። «ይሄ የልጆች ጌም ነው?» አለኝ። ነው።

በመጨረሻ የሚኒቦሰስን ኮንትራ ለቀቅኩለት። የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ሲሰማ መሪውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታ፤ አወቀው። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ፈጠነ እኮ፣ ማሙሽ።»

«ሮክ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ። ባንድ ሁልጊዜ ያፈጥናል» አልኩት። ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አቴንስ የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ መሃል ከተማውን በእግር ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ይህች ትንሽ ከተማ ቢ-ፊፍቲቱስ የሚባለውን የሮክ ባንድ በ1976 አፈራች፤ አር.ኢ.ኤም. የሚባለው ሌላ የሮክ ባንድ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የተጫወተው በ1980 እዚሁ፣ አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በልደት ግብዣ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ የደወል ማማው ብቻ ቀርቷል፤ ኦኮኒ በሚባለው ጎዳና ላይ ብቻውን ቆሟል። ላየው ስለምፈልግ ወሰድኩት። ወንድሜ ባርኔጣውን አወለቀና ተሳለመ። ለሮክ ባንድ ብሎ የተጠበቀ ማማ እንደሆነ ስነግረው «ቢሆንም ቤቱ ቤቱ ነው» አለኝ። እዚያው ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ስንቃችንን በላን።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። መድረኩ ላይ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ድራም፤ ከጎን ደግሞ አንድ ወንበርና ትንሽ ቴሌቪዥን። ከኋላቸው ጌሙ የሚታይበት ትልቅ ሸራ ተወጥሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር ነውና። ያ የኔንቲዶ ማጫወቻ ድምፅ የሚያወጣባቸው መስመሮች አምስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሹል፣ ጠርዛማ ድምፅ ያወጣሉ፤ ዜማውን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ለስላሳና ወፍራም ነው፤ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፣ ወይ አለ ወይ የለም። ስለዚህ አቀናባሪዎቹ ቤዝ አደረጉት። አራተኛው ሹክሹክታና ፍንዳታ የሚያወጣ የሁካታ መስመር ነው፤ እሱን ጸናጽልና ከበሮ አደረጉት። አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ይጫወታል፤ የኮንትራ ከበሮ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው በእሱ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ሁለት መሪ ድምፅ፣ አንድ ቤዝ፣ ከበሮ። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራመር። ቺፑ ከፋብሪካው ሲወጣ የሮክ ባንድ ሆኖ ነው የወጣው። በ1983 ጃፓን ውስጥ ያንን ማጫወቻ የሠሩት መሐንዲሶች ይህን አስበው አልነበረም፤ ዜማ ጸሐፊዎቹ ግን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ መኖር ነበረባቸው። ዜማውን እንዳሻቸው ማስረዘም አይችሉም፣ በተደራራቢ ድምፅ መሸፈን አይችሉም። ዜማው ራሱ ካልቆመ የሚደግፈው የለም። ለዚህ ነው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጊታር ሲያነሱት የማይሰበረው።

በሜጋ ማን 2 ጀመሩ። የ1988 ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ሙዚቃ የጻፈው ታካሺ ታቴይሺ ነው። ተጫዋቹ ስምንቱን ሮቦቶች አንድ በአንድ ሲጥል ባንዱ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ያለ ትንፋሽ ይሻገራል። የዋይሊ ግንብ ዜማ ሲጀምር አዳራሹ በሙሉ ቃል የሌለውን ዜማ በአፉ ተቀበለ። ከአጠገቤ የነበረች ሴት ዓይኗን ጨፍና ታዜማለች። እኔ ድራመሩን ነው ሳይ የነበረው። ዓይኑን ከሸራው አይነቅልም። ተጫዋቹ በር ሲገባ፣ አለቃው ሲወድቅ፣ እሱ በአንድ ምት ያቆማል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ የእሱን ትከሻ ይጠብቃሉ። በአልበም ላይ ይህ አይሰማም። በአልበም ዜማው ሁለት ጊዜ ዞሮ ያልቃል፤ እዚህ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚወስነው የአንድ ሰው አውራ ጣት ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሄዶ ተጠናቀቀ።

ቀጥሎ ኮንትራ። ሰማያዊው ሰውዬ ከላይ ተጠቅልሎ ጫካው ውስጥ ወረደ፤ ጊታሮቹ ተነሡ። ወንድሜ ክንዴን ያዘ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ጣቶቹ ግን ክንዴ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዝለል፣ ተኩስ፣ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሰውየውም ፈጥኗል።»

ሸራውን ልብ ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው። ሙዚቃው ብቻ አልነበረም፤ ሩጫው፣ ዝላዩ፣ ጥይቱ፣ ሁሉም እኛ ከምናውቀው ይፈጥናል። ባንዱ ጌሙን አላስቸኮለውም፤ ከጌሙ እኩል ነው የሚሄደው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስምንቱም ደረጃዎች አለቁ። ሰው ሲያጨበጭብ ወንድሜ ቆሞ ግድግዳውን ያያል።

ውጭ፣ መኪናው ጋ ሳንደርስ ቆመ። «ፓል!» አለ።

ወንድሜ አገር ቤት ሳለ ፒያሳ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ይጠግን ነበር። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሰርግ ካሴት ልኮ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲከፍተው ቀለሙ ጠፍቶ ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ ስትንከባለል፣ ዴኩን ተሸክመው የሚመጡት እሱ ጋ ነበር። የአሜሪካና የጃፓን የድሮ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ በሚባል አሠራር ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ይስል ነበር፤ የእኛው ፓል በሚባለው 50 ጊዜ። የድሮ ጌም ደግሞ ሰዓት የለውም፤ ጊዜን የሚቆጥረው በምስሉ ነው። አንድ ምስል ሲሳል ሰውየው አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ሙዚቃውም አንድ እርምጃ ይሄዳል። ለፓል አገሮች የሚሠሩት የቻይና ማጫወቻዎች በሰከንድ 50 ምስል እያወጡ፣ የድምፁን ቅጥነት ግን እንዳለ ይተዉት ነበር። ስለዚህ ዜማው ሳይወፍር፣ ሳይበላሽ፣ ዝም ብሎ ቀስ አለ። እዚህ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ቀበና ላይ 72 ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ በእጁ እየሳለ ሲነግረኝ የፒያሳው ወንድሜን ካየሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አሰብኩ። እዚህ አገር የሚያውቁት በጭነቱ ክብደት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ እነዚህን አልበሞች ስሰማ ባንዶቹ ሁሉ ለምን እንደሚቸኩሉ አልገባኝም ነበር፤ እሱ በአንድ ምሽት ፈታው። አንዳቸውም አልቸኮሉም። ቀስ ብሎ ያደገው የእኛ ጆሮ ነው።

ሃይዌይ 78 በሌሊት ጨለማ ነው፤ ከሞንሮ በፊት ጥድና ጥድ ብቻ። ስልኬ ላይ የጌሙን የራሱን ድምፅ፣ ያለ ጊታር፣ የቺፑን ብቻ ፈለግኩና ፍጥነቱን ወደ 0.85 አወረድኩት።

መጣ። የሳሎኑ ሽታ ሳይቀር መጣ፣ የጋለ ቴሌቪዥንና የቡና ጭስ። ወንድሜ ነዳጁን ለቀቅ አደረገ፤ መኪናውም አብሮ ቀስ አለ። ጫካው አለቀ፣ ፏፏቴው ጀመረ። ሁለታችንም ዝም ብለን ትንሽ ሄድን።

«ማሙሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ፏፏቴው ላይ ትቼህ የምወጣው እያወቅኩ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ሎጋንቪል ላይ ቀይ መብራት ያዘን። እጁን ዘርግቶ ዜማውን እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳው።