እንኳን ለገና አደረሳችሁ፤ ከደብረ ብርሃን ዳገት

የሩጫ ጓደኞቼ፣ ከቅርብም ከሩቅም የምትከታተሉኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የቀመሰ ያውቀዋል። ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጣት ስለሚደነዝዝ የጫማ ክር ማሰር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ ሩጫ የጀመርኩት በዚህ ወር ነው፣ በ2011 ዓ.ም.። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ኮረኮንች መንገድ አለ፤ መጨረሻው ላይ ረጅም ዳገት። ያኔ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ ነበር የምወጣው።

ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር እዚያው ዳገት ላይ ራሴን እለካለሁ። ያው መንገድ፣ ያው ወር፣ ያው ብርድ። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ቆላ ካለው ሰው ያነሰ ነው። አዳማ የሚሮጥ ጓደኛዬ በቴሌግራም የሚልክልኝ ሰዓትና የኔ ሰዓት አይገናኙም፤ ድካማችን ግን እኩል ነው። አዲስ የጀመራችሁ ልጆች፣ በሰው ስልክ ላይ ባያችሁት ቁጥር ቅስማችሁ አይሰበር። የናንተን ዘንድሮ ከናንተው አምና ጋር አስተያዩት።

የኔን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዳገቱን ሳላቋርጥ መውጣት ቻልኩ። ቀጥሎ ከወጣሁ በኋላ ቁልቁለቱን ሳላርፍ መቀጠል መጣ። ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ከጀመረች ልጅ ጋር እያወራሁ ወጣሁት። እሷ ስታለከልክ እኔ "አይዞሽ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ" እላት ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

በጾም መሮጥ ይቻላል ወይ የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። በነቢያት ጾም እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ስለምቆይ ረጅሙን ሩጫ ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጋዋለሁ። እንደጨረስኩ በሃይላንድ የተበጠበጠ በሶ እጠጣለሁ። ማር ከተገኘ ጠብ ይደረግበታል። የጠዋቱ ግን ለስለስ ያለ፣ አጭር ሩጫ ነው። ገብስ የሚያበቅል አገር ተወልዶ ውድ የስፖርት መጠጥ መናፈቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናት፣ ከኛ ትንሽ ወረድ ብሎ። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ከደራርቱ ቱሉ ቀጥላ ብር አመጣች። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊን ማራቶንን አሸንፋ በ35 ቀኗ ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛ ወጣች። ይህንን ብርድ እየተነፈሰች ያደገች ልጅ ናት። መንገዱ ላይ ሲከፋኝ እሷን አስባለሁ።

ያለፉት ዓመታት ለሰሜን ሸዋ ከባድ ነበሩ። መንገዱ የማያስወጣበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ እዚያው ሰፈር ውስጥ እየዞርን ሮጠናል። ከቀያቸው ተፈናቅለው ከተማችን የተጠለሉ ወገኖቻችን ዘንድሮም በዓሉን ከቤታቸው ርቀው ነው የሚያሳልፉት። ከመካከላቸው ማለዳ አብረውን የሚሮጡ ወጣቶች አሉ፤ እግራቸው ፈጣን ነው፣ ጫማቸው ግን አልቋል። ቤታችሁ የተቀመጠ፣ ሶሉ ያላለቀ የሩጫ ጫማ ካለ ላኩልኝ፣ ለባለቤቱ አደርሰዋለሁ። እግዚአብሔር ለሁሉም ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሰላም ያምጣልን።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ኮረኮንቹ መጀመሪያ ላይ እንገናኝ። ዶሮው ገና ያልወረደለትም ይምጣ፣ ቀስ ብለን ነው የምንሮጠው። ጓንት ያዙ። መልካም በዓል!